የኮራል አበቅቴ

“ይሄ ነው ትምህርት የምትለው?” አለኝ ጓደኛዬ፣ ስልኬን ከእጄ ነጥቆ።

ፎቶው ላይ የእህቴ ልጅ ከአናቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሰማያዊ ስስ ልብስ ተጣብቆባት፣ የዋና መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ትስቃለች። ከኋላዋ ባሕር።

“የመስክ ሥራ ላይ ናት።”

“ሰርከስ ላይ ናት በለኝ።”

ልብሱ የጌጥ እንዳልሆነ ነገርኩት። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ግንቦት በዚያ ባሕር ጄሊፊሽ ይበዛል፤ አንዳንዱ ከነካ ሰው ይገድላል። ገባው፤ ግን መች ይሸነፋል። “ታዲያ እንዲህ ያለ ባሕር ውስጥ የሰው ልጅ የሚከት ምን ዓይነት አስተማሪ ነው?”

ያለችበት ደሴት ማግኔቲክ ትባላለች። አውስትራሊያ ውስጥ፣ ከታውንስቪል ከተማ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ በጀልባ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ካፒቴን ኩክ በ1770 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥርላችሁ) በዚያ ሲያልፍ ኮምፓሱን ያዛባችበት መስሎት ነው ስሙን ያወጣላት።

“እሺ፣ እዚያ ሄደው ምን ይሠራሉ?”

“ይቆጥራሉ። ሜትር ይዘረጋሉ፤ ከፕላስቲክ ቱቦ የተሠራ ካሬ ታች ያስቀምጣሉ፤ ካሬው ውስጥ ስንቱ ሕያው ኮራል፣ ስንቱ አልጌ፣ ስንቱ አሸዋ እንደሆነ በእርሳስ ይጽፋሉ። ከዚያ ትንሽ ፈቀቅ ብለው እንደገና።”

“ይሄማ ምስር መልቀም ነው። እናቴ ያለ ዩኒቨርሲቲ ስትሠራው ኖራለች።”

ለዚህ መልስ ነበረኝ፤ ከቤት ይዤው ነው የወጣሁት። እስከ 1980 ገደማ ኮራል እንዴት ይራባል ሲባል የሚሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ አብዛኛው ፅንሱን በሆዱ ይዞ አሳድጎ ነው የሚለቀው ይባል ነበር።

“ኮራል ድንጋይ አይደለም እንዴ?”

“እንስሳ ነው። ድንጋዩ የሠራው ቤቱ ነው።”

“ቀጥል።”

በዚያው ከተማ የሚገኘው የጄምስ ኩክ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪዎች ነበሩ። ከኮራሉ እየሰበሩ ውስጡ ያለውን እንቁላል ሲያዩ ወራት ገፉ። ነጭ የነበረው እንቁላል ሲበስል ይቀላል። ሲቀላ፣ ሌሊት ሌሊት መጠበቅ ነው። በ1981 ሙሉ ጨረቃ ካለፈች ከጥቂት ሌሊቶች በኋላ የብዙ ዝርያ ኮራል እንደተቀጣጠረ ሁሉ በአንድ ላይ ለቀቀው። “ከአንተ ምስር የሚያንሱ ሮዝ ፍሬዎች፣ እንቁላልና ዘር አንድ ላይ ተጠቅልለው፣ ሽቅብ ይወጣሉ” አልኩት።

“ቆይ፣ በጨረቃ ነው የሚቆጥሩት?”

“በጨረቃ፣ በውኃው ሙቀት፣ በጨለማው።”

“ታዲያ አበቅቴውን ማን አወጣላቸው? ባሕረ ሐሳብ ተምረዋል ማለት ነዋ! ስሙም እኮ ባሕር አለበት።”

ኮስተር ልል የፈለግሁባት ቦታ ላይ አሳቀኝ። እንደ ምንም ጨረስኩለት። ግኝቱ በ1984 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ሲወጣ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ በሦስት ቦታ 32 ዝርያዎች ሲያደርጉት ታይተው ነበር። ከዚያ በፊት፣ በ1928፣ ከእንግሊዝ የመጡ ሊቃውንት ሎው አይልስ በምትባል የዚያው የኮራል ክምር (ሪፍ) ደሴት ዓመት ያህል ተቀምጠው የኮራልን መራባት ራሱን ሲያጠኑ ይሄ ነገር አምልጧቸዋል።

“ተኝተው ነበራ።”

“ልልህ የፈለግሁት እሱን ነው! ባሕር በክፍለ ጊዜ አይሠራም። እስከ መሰልቸት ድረስ የቆጠረ፣ ሌሊት የጠበቀ ተማሪ ነው ያገኘው።”

ያሸነፍኩ መስሎኝ ወደ ኋላዬ ተደገፍኩ። እሱ ግን ጣቱን ጠረጴዛው ላይ ማንኳኳት ጀመረ፤ ይሄን ሲያደርግ አልወድለትም።

“ያ ሮዝ ፍሬ ጠዋት ምን ይሆናል?”

“ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። እንደ ስልባቦት ተጋግሮ ከሩቅ ይታያል።”

“ከጀልባም ይታያል?”

የት እንደሚወስደኝ ገባኝ። “ይታያል።”

“እና ዓሣ አጥማጅ አላየውም? ኩክ ሳይመጣ በፊት እዚያ ሰው አልነበረም?”

ነበረ። ዉልጉሩካባ ይባላሉ፤ ደሴቲቱንም ዩንቤነን ይሏታል።

“ስምም ነበራት! ኮምፓሱ የተምታታበት ሰውዬ ሌላ ስም አወጣላት፤ ያንተ ተማሪዎች ደግሞ ባለቤቱ በየዓመቱ ሲያየው የኖረውን ‘አገኘን’ አሉ።”

“ማየት ሌላ፣ እንቁላል መሆኑን ማወቅ ሌላ” አልኩት።

“አላወቁም ብሎ የነገረህ ማን ነው?”

ማኪያቶዬን አማሰልኩ። ስኳር አልጨመርኩበትም ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ እኔ ነኝ ከራሴ የጨመርኩት። የመጽሔቱ ጽሑፍ የሚለው የቀድሞው አባባል ስህተት መሆኑን ነው እንጂ ከዚያ በፊት ያየ ሰው የለም አይደለም። ይሄን ለሱ አላልኩትም፤ ለእናንተ ግን ልደብቅ አልችልም።

ወሬ ለማስቀየር የግኝቱን ፍሬ አነሳሁ። ከነዚያ ተማሪዎች አንዱ ፒተር ሃሪሰን ነው። በ2016 ሄረን በምትባል ሌላ ደሴት፣ ከዚያ ተንሳፋፊ ዘር እጭ አሳድጎ መልሶ ሪፍ ላይ የመዝራት ሙከራ ጀመረ። መቼ እንደሚለቅ ባይታወቅ ኖሮ ማን ይሰበስበው ነበር?

“መዝራት ለምን አስፈለገ?”

“ሪፉ እየነጣ ነዋ። ውኃው ሲሞቅበት ቀለምና ምግብ የሚሰጠውን አልጌ ያስወጣል። በ2016፣ በ2017፣ በ2020፣ በ2022፣ በ2024…”

“የእህትህ ልጅ ከሜልቦርን እዚያ በምን ሄደች?”

“በአውሮፕላን።”

“አሃ።”

ይቺን “አሃ” ከነቃሏ ብትሰሟት! ፊት ለፊት ከመሰደብ ትብሳለች። “ታዲያ ሳያዩት ምኑን ይማሩታል?” ብዬ ጮህኩ፤ አስተናጋጁ ዞሮ አየን። “ውኃ ውስጥ ገብቶ ያላየ ሰው፣ ነጣ ሲባል ግድግዳ የተቀባ ነው የሚመስለው!”

“አንተ ላንጋኖ ጉልበትህ ድረስ ገብተህ የወጣኸው ሰውዬ ነህ ይሄን የምታስተምረኝ?”

ጉልበቴን አልፎ ነበር። ምስክር ግን የለኝም።

ይሄኔ ስልኩ፣ እሱ እጅ ላይ እንዳለ፣ ጮኸ። ጮክ ብሎ አነበበው። “‘ጋሼ፣ ትናንት ማታም ምንም የለም። ባልዲያችንን ይዘን ዛሬም እንጠብቃለን።’” ከዚያ በደስታ አየኝ። “አበቅቴው ተሳስቷል!”

“ከሌሊቶቹ አንዱ ላይ ይሆናል እንጂ በየትኛው እንደሆነ አይነግርም አላልኩህም?”

“አላልከኝም።”

እውነቱን ነው፣ አላልኩትም። ሒሳብ ለመክፈል እጄን ኪሴ ከተትኩ። እሱ ግን ስልኩን አልመለሰልኝም፤ ፎቶውን እንደገና ከፍቶ በጣቱ እያሰፋ ያየዋል።

“እዚያ አሁን ስንት ሰዓት ነው?”

የኛ 8 ሰዓት ነበር። “ከምሽቱ 3።”

“እና አሁን ውኃው ዳር ናት?”

“ትመስለኛለች።”

ስልኩን በመካከላችን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና አስተናጋጁን ጠራ። “ሁለት ማኪያቶ ድገመን።”