ስለ ሞገድ ፍርሃትና ስለ ልኬት

በከተማ ባቡር ወይም በታክሲ የሚሳፈር ሰው ሁሉ ስልክ ይዞ በሚጓዝበት በዚህ ዘመን፣ ያ ሁሉ ስልክ በአንድ የብረት ቤት ተዘግቶ የሚረጨው የሬዲዮ ሞገድ ገላችንን አይጎዳምን ብሎ መጠየቅ፣ አንዳንድ ዐዋቂ ነን ባዮች እንደሚያላግጡበት ከንቱ ሥጋት ሳይሆን መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው። ይሁን እንጂ መልሱ ከወሬ ሳይሆን ከልኬት ሊገኝ ይገባዋል፤ ተለክቶ የተገኘውም ነገር ጥንቃቄያችንን ከጎረቤታችን ስልክ ወደ ራሳችን ስልክ፣ ከአንቴናውም ማማ ወደ ኔትወርክ እጦት እንድናዞረው የሚያስገድድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 በጃፓን የቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተመራማሪ የሆኑት ፁዮሺ ሆንዶ፣ የባቡር ፉርጎ ግድግዳና ጣሪያው ብረት ስለሆነ ሞገዱ እየተንጸባረቀ ውስጡን ይሞላል፣ የብዙ ስልኮችም ኃይል ተደምሮ ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን ከወሰነው ዳርቻ ሊያልፍ ይችላል ሲሉ በስሌት አመለከቱ። ስሌቱ ብዙዎችን ቢያስደነግጥም፣ በተከታዩ ዓመት ሌላ ጥናት እንዳሳየው፣ ሞገዱን የሚውጠው የተሳፋሪው ገላ ራሱ በመሆኑ፣ ፉርጎው በሰው በተጨናነቀ ቁጥር ኃይሉ በብዙ አካል ተከፋፍሎ ይሳሳል እንጂ በአንዱ ላይ አይከማችም።

ከስሌት አልፎ ወደ ልኬት የመጣው ምርምር ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያብራራዋል። በስዊዘርላንድ የባዝል ከተማ 166 ፈቃደኞች ለአንድ ሳምንት መለኪያ ይዘው እንዲዘዋወሩ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ጥናት፣ ሞገድ ከሁሉ በዝቶ የተገኘው በእርግጥ በባቡር ውስጥ ነበር፤ መጠኑ ግን በአማካይ በካሬ ሜትር 1.16 ሚሊዋት ሲሆን፣ ኮሚሽኑ በ900 ሜጋኸርዝ ለሕዝብ የፈቀደው ዳርቻ 4,500 ሚሊዋት ነው። ስለዚህ ባቡሩ ከሌላው ሥፍራ ይልቅ ሞገድ የሚበዛበት መሆኑ እውነት ቢሆንም፣ የበዛው መጠን ከዳርቻው አራት ሺሕ እጅ ገደማ ያነሰ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ግን ተሳፋሪው በራሱ ጆሮ ላይ የለጠፈው ስልክ ነው፤ የሞገድ ኃይል ከምንጩ በራቀ መጠን ፈጥኖ የሚደክም በመሆኑ፣ ማዶ የተቀመጠው ሰው ስልክ ከራሳችን ስልክ ጋር ከቶ አይወዳደርም። ደግሞም ስልክ ኃይሉን እንደ ኔትወርኩ ሁኔታ ይመጥናል፤ የሁለተኛው ትውልድ ስልክ ማማው ቅርብ ሲሆን በጥቂት ሚሊዋት የሚናገረውን፣ ማማው ሲርቅ እስከ 2 ዋት ከፍ አድርጎ ይጮኸዋል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርድ አውቶቡስ ውስጥ፣ ኔትወርኩ እየሳሳ ሲሄድ «አይሰማም፣ ቆይ፣ አይሰማም» እያለ ስልኩን ከጆሮው የማያነሣ መንገደኛ፣ ስልኩ እየሞቀ ባትሪውም እየወረደ መሄዱን ሲያይ ድካሙ የመሣሪያው ብቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ስልኩ በሙሉ ኃይሉ የሚረጨው ወደ ራሱ ወደ መንገደኛው ጭንቅላት ጭምር ነው። እንግዲህ ማማው እንዳይተከል የሚከራከር ሰው፣ ሳያውቀው፣ ከስልኩ የሚያገኘው ሞገድ እንዲበዛ ይከራከራል ማለት ነው።

ይህን በመረዳት ይመስለኛል፣ የሎዛን ፌዴራል ፖሊቴክኒክ ሊቃውንት፣ ሙቀት እንዳይወጣ ተብሎ የባቡር መስኮት የሚቀባውን ስስ የብረት ቅብ በሌዘር በጥቃቅን መስመር እየፋቁ ሞገድ የሚያሳልፍ መስኮት የሠሩት፤ በስዊዘርላንድም ባቡሮች ላይ ተገጥሞ ሥራ ላይ ውሏል።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 የሬዲዮ ሞገድን «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚለው መደብ የመደበው ማስረጃው ውሱን ሆኖ ሳለ ነው፤ በ2024 የወጣውና ድርጅቱ ያሠራው ሰፊ ግምገማ ደግሞ በስልክና በአንጎል ካንሰር መካከል ዝምድና አላገኘም። ጥንቃቄ ግን እንዲሁ የሚጣል አይደለም፤ እንደ ማስረጃው የሚሻሻል ሥርዓት ነው። ጃፓኖች ለልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ሠግተው ስልክ ከመሣሪያው 22 ሴንቲ ሜትር እንዲርቅ መመሪያ አውጥተው፣ በባቡርም ውስጥ ለደካሞች በተለየው መቀመጫ አጠገብ ስልክ እንዲጠፋ ይጠይቁ ነበር፤ መሣሪያውና ስልኩ ሲሻሻሉ ግን በ2013 ርቀቱን ወደ 15 ሴንቲ ሜትር አወረዱት፣ በ2015ም የምሥራቅ ጃፓን ባቡሮች ስልክ ይጠፋ የሚለውን ማሳሰቢያ ፉርጎው በሚጨናነቅበት ሰዓት ብቻ ወሰኑት።

የእኛም የትራንስፖርትና የቴሌኮም ሹማምንት በባቡሩና በአገር አቋራጭ አውቶቡሱ ውስጥ ያለውን ሞገድ በየጊዜው አስለክተው ውጤቱን በጋዜጣ ሊያወጡ፣ ኔትወርክ በሚሳሳበትም መንገድ ማማ ሊያስተክሉ ይገባቸዋል። ተሳፋሪውም ኔትወርክ ሲጠፋ ንግግሩን ለሌላ ጊዜ ያቆይ፤ ረዥም ወሬ ካለበትም ስልኩን ከጆሮው አርቆ በማዳመጫ ይናገር። ከዚህ ያለፈውን ፍርሃት፣ ልኬት እስኪመሰክርለት ድረስ፣ በሕግም ሆነ በአዋጅ ማጽናት አይገባም።