አያትህ በምን ሞቱ?



በአማርኛችን ሰው ክፉኛ ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» ይላል። አባባሉ የማይሰማበት ቤት የለም። ይሁን እንጂ ቆሽት የቱ ጋ እንደሚገኝ ብንጠየቅ ብዙዎቻችን ወደ ጉበት ወይም ወደ ጣፊያ እንጠቁማለን። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ተጋድሞ የሚገኝ፣ ርዝመቱ ስንዝር የማይሞላ ዕጢ ነው። ምግብ የሚያልሙ ፈሳሾችንና የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊን ያመነጫል። ከሆድ በስተኋላ የተሸሸገ በመሆኑ ነቀርሳ ወይም ካንሰር ሲይዘው በእጅ ተዳስሶ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከ500 ሺህ በላይ ሰዎች በዚህ በሽታ እንደተያዙ የተገመተ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በበሽታው የሞቱትም ከ460 ሺህ በላይ እንደሆኑ ተገምቷል።

በሽንዲም ሆነ በቡሬ ገጠር የሰው ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ይባልና ሕመምተኛው ቅጠል ወደሚያውቅ ሰው ይወሰዳል። በወጣት ላይ የሚታየው ቢጫነት ብዙ ጊዜ ከጉበት ቫይረስ የሚመጣና በራሱ ጊዜም የሚለቅ ስለሚሆን ቅጠሉ ይመሰገናል። ነገር ግን ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ትኩሳት ሳይኖራቸው ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ፣ ሽንታቸው ከጠቆረ፣ ዓይነ ምድራቸው ከነጣ፣ ቆዳቸው ካሳከካቸውና ከከሱ፣ በቆሽት ራስ ላይ የበቀለ ዕጢ የሐሞትን ቱቦ ተጭኖት ሊሆን ይችላል። የተዘጋን ቱቦ ቅጠል አይከፍተውም። እንዲያውም በዚህ በኩል የሚበቅለው ዕጢ በቢጫነቱ ራሱን ስለሚያጋልጥ፣ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ በሚችልበት ጊዜ የመገኘት ዕድሉ በቆሽት ጅራት ላይ ከሚበቅለው ይሻላል። በቅጠል የሚባክነው አንድና ሁለት ወር ይህን ዕድል ነው የሚበላው። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሄዶ በአልትራሳውንድ መታየት፣ ካስፈለገም ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጥቁር አንበሳ መላክ ይሻላል።

ሊቃውንቱ በዛሬው ጊዜ የሚደክሙት ግን ቢጫነቱ ከመምጣቱ በፊት ስላለው ዘመን ነው። ከ10 የቆሽት ነቀርሳ ሕሙማን በ9ኙ ዕጢ ውስጥ ኬራስ የተባለው ጂን ተለውጦ ይገኛል። ይህ ጂን ሴል እንዲራባ ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ሲሆን፣ ሲበላሽ ትእዛዙ አያባራም። እ.ኤ.አ. በ2010 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ በሽታ ከሞቱ ሰዎች የተወሰደውን ዕጢ ጂን አንብበው፣ ከመጀመሪያው ብልሽት እስከ ነቀርሳው መፈጠር 10 ዓመት ያህል፣ ከዚያም ወደ ሌላ አካል የመዛመት ዐቅም እስኪያገኝ ቢያንስ 5 ዓመት እንደሚፈጅ አስልተዋል። በወራት ውስጥ ይገድላል የምንለው በሽታ ለካ በሰውየው ሆድ ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ተቀምጦ ኖሯል!

ኤፒጄኔቲክስ የሚባለውን ደግሞ ቁርኣን ቤት ያለፈ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። በዐረብኛ ጽሑፍ ፊደሉ ሳይለወጥ ከላዩና ከሥሩ የሚደረገው ሐረካ ንባቡን ይለውጠዋል። በጂንም ላይ እንዲሁ ሜቲል የሚባሉ ጥቃቅን ምልክቶች ይቀመጣሉ፤ ፊደሉን አይነኩትም፣ ብዙ ጊዜ ግን እንደ ሱኩን ዝም ያሰኙታል። የሴልን መራባት የሚገታ ጂን በዚህ መንገድ ዝም ሲል፣ ፊደሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ነቀርሳው መንገድ ያገኛል። እያንዳንዱ የሰውነት ክፍል የራሱ የሆነ የምልክት አቀማመጥ ስላለው፣ ከሞቱ ሴሎች ወደ ደም የሚገባው የጂን ቁራጭ ከየት እንደመጣ በምልክቱ ሊታወቅ ይችላል። በአንድ ብልቃጥ ደም ነቀርሳን ለመለየት የሚደረገው ጥረት መሠረቱ ይኸው ነው። ሆኖም ለጤነኛ ሰው ሁሉ «ተመርመር» የሚያሰኝ ደረጃ ላይ አልደረሰም።

በሕክምናው በኩል እ.ኤ.አ. በ2019 ኦላፓሪብ የተባለው እንክብል በአሜሪካ ተፈቅዷል። የሚሰጠውም ብራካ 1 ወይም ብራካ 2 የተባሉት ጂኖች ከተወለዱ ጀምሮ የተበላሹባቸው ሆነው በሽታቸው ለተዛመተ ሕሙማን ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ኒው ዮርክ ላይ ለየሕመምተኛው ዕጢ ተለክቶ የተሠራ ክትባት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለ16 ሰዎች ተሰጥቶ የ8ቱ ሰውነት መልስ መስጠቱ ተገልጿል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ተስፋው ግን ትንሽ አይደለም።

በሽታው በዘር ይወርዳል ወይ? ከ10 ሕሙማን በአንዱ ያህል የቤተሰብ ታሪክ ይገኛል። በአማራ ክልል የትራኮማ እንክብል የዋጠ ሁሉ የካርተር ማዕከልን ሳያውቀው አይቀርም፤ የጤና ቢሮውን በዚህ ሥራ ሲደግፍ ቆይቷልና። የማዕከሉ መሥራች ጂሚ ካርተር አባታቸውን በ1953፣ እኅታቸውን ሩትን በ1983፣ ወንድማቸውን ቢሊን በ1988፣ እኅታቸውን ግሎሪያን በ1990 እ.ኤ.አ. በዚሁ በቆሽት ነቀርሳ አጥተዋል። እሳቸው ግን እ.ኤ.አ. በ2024 በ100 ዓመታቸው ነው ያረፉት። ከቤተሰቡ የሚለያቸው ሲጋራ አለማጨሳቸው እንደሆነ ይናገሩ ነበር። ትምባሆ የዚህን በሽታ አደጋ በእጥፍ ያህል እንደሚጨምር የተረጋገጠ ነው። የሚያጨሱ ወጣቶቻችን ይህን አንቀጽ ደግመው ቢያነቡት አይጎዱም።

የካርተር ቤተሰብ ታሪክ ሊታወቅ የቻለው እያንዳንዱ በምን እንደሞተ ተመርምሮ ስለተጻፈ ነው። የእኛ አገር ሰው ለጋብቻ ሲሆን ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ስሙን ከነአባቱ ያወርደዋል። በምን ሞቱ ሲባል ግን «ጨጓራ ነበረባቸው» ወይም «ቀደራቸው ነው» ተብሎ ያልፋል፤ ነቀርሳ ከሆነም ስሙ በሹክሹክታ ይነገራል። በዚህ ዓይነት ዛሬ ምርመራው ደጃችን ቢመጣ ለሐኪሙ የምንነግረው ነገር አይኖረንም። በቅርብ ዘመዶቻቸው መካከል በሽታው ከአንድ በላይ ሰው ላይ የታየባቸው፣ ወይም ጂኑን የወረሱ ሰዎች ዕድል በሚገኝባቸው አገሮች በየዓመቱ ቆሽታቸው ይታያል፤ ወደዚያ የሚያደርሰው የመጀመሪያው ጥያቄም ዘመድዎ በምን ሞቱ የሚል ነው።

ስለዚህ በዚህ ወር ልጆች አንድ ደብተር ይዘው ትልልቆቹን ይጠይቁ። ማን፣ በስንት ዓመታቸው፣ በምን ሕመም እንደሞቱ ይጻፍ። የእናት ወገን አይዘለል፤ ብራካ የጡትና የእንቁላል ማኅደር ነቀርሳም ስለሚያመጣ የአክስት የጡት ሕመም የቆሽት ታሪክ ሊሆን ይችላል። በስተርጅና በድንገት የመጣ የስኳር በሽታም ይመዝገብ። መልሱ «ጨጓራ» ብቻ ከሆነ፣ ከስተው ነበር ወይ፣ ሕመሙ ወደ ጀርባ ይወጋቸው ነበር ወይ፣ ዓይናቸውስ ቢጫ ሆኖ ነበር ወይ ብሎ ማስከተል ነው።