"ጥርሱ ገና ነው" እያሉ በአሮጌ ጎማ መንዳት ይብቃ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2013 ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ክላሪታ ውስጥ አንድ ፖርሸ ካሬራ ጂቲ ከመንገድ ወጥቶ ከምሰሶና ከዛፍ ጋር ተላትሞ ነደደ። የፋስት ኤንድ ፊዩሪየሱ ፖል ዎከርና መኪናውን ሲነዳ የነበረው ጓደኛው ሞቱ።

መርማሪዎቹ ምክንያቱ ፍጥነት ነው አሉ። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር በሚፈቀድበት መንገድ መኪናው ከ129 እስከ 150 ይሄድ ነበር። ይህ አያከራክርም። ነገር ግን ምርመራው ሌላም ነገር መዝግቧል፦ ጎማዎቹ 9 ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ይህም መኪናውን ለመቆጣጠር አስቸጋሪ አድርጎት ሊሆን ይችላል። ሰው ሁሉ ስለ ፍጥነቱ አውርቶ ጎማውን ረሳው።

የድሮ ስፖርት መኪና ባለቤቶች ጥፋት ብዙ ጊዜ ያው ነው። ለቀለሙ፣ ለቸርኬው፣ ለጭስ ማውጫው ድምፅ ገንዘብ ይረጫሉ። ጎማው ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ያዩና "ጥርሱ ገና ነው!" ይላሉ። ገና የሆነው እኮ መኪናው ስለማይነዳ ነው! ወሩን ሙሉ ተሸፍኖ የሚቆም መኪና ጎማው አያልቅም፤ ያረጃል። አየርና ሙቀት ላስቲኩን ቀስ በቀስ ያደርቁታል። የደረቀ ላስቲክ ደግሞ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አስፋልት አይነክስም፤ በተለይ በዝናብ።

ዕድሜውን ለማወቅ ጎሚስታ መሆን አያስፈልግም። ጎማው ጎን ላይ፣ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ። 2319 ማለት የ2019 23ኛው ሳምንት ነው፤ በፈረንጆቹ። በሐበሻ አቆጣጠር ያነበበው ሰው ጎማውን በሰባትና ስምንት ዓመት ወጣት ያደርገዋል። ሦስት ቁጥር ብቻ ካለው ከ2000 በፊት የተመረተ ነውና ቦታው ሙዚየም ነው።

መጋዘን ውስጥ ስምንት ዓመት ተቀምጦ "ያልተነካ" ተብሎ የሚሸጠውም አሮጌ ነው። ከ6 ዓመት በኋላ ይቀየር የሚሉ መኪና አምራቾች አሉ። ሚሸሊን ደግሞ 10 ዓመት የሞላው ጎማ ደህና ቢመስልም ይቀየር ይላል። 10 ዓመት ግን ጣሪያው ነው፤ እዚያ ድረስ ይጠበቅ ማለት አይደለም።

"የመኪናው ኦሪጅናል መልክ ይበላሻል" የሚለው ሰበብም አይሠራም። ፒሬሊ ከፖርሸ ጋር ሆኖ ለድሮዎቹ ሞዴሎች መልኩ የጥንት፣ አሠራሩ ግን የዛሬ የሆነ ጎማ ያመርታል። ዘመናዊ ላስመስላት ብሎ ትልቅ ቸርኬ ላይ ሰፊና ስስ ጎማ የሚጭነውም ከዚህኛው አይሻልም፤ ሞላውም መሪውም ለዚያ አልተሠሩም።

ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። መጀመሪያ የተመረተበት ጊዜ። ቀጥሎ አምራቹ ያዘዘው ልክ፤ የፊቱና የኋላው ሊለያይ ይችላል፣ የካሬራ ጂቲ ጎማ ስፋቱ ከፊት 265፣ ከኋላ 335 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ የፍጥነት ፊደሉ፦ ኤች እስከ 210፣ ቪ እስከ 240 ኪሎ ሜትር። አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ። ዋጋና ውበት ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣሉ።

ለጎማ ገንዘብ የለኝም የሚል ሰው ማንም አይፈርድበትም። መኪናው ግን እዚያው ተሸፍኖ ይቆይ። ጎማው መንገድ መያዝ ሲያቅተው ጎኑ የተቀመጠ ሰው አለ፤ መንገድ የሚሻገር ሰውም አለ።