ቆላ ተገዝቶ ደጋ የሚለበስ

የዛሬው ወጌ ስለ ልብስ ነው፤ ስለ ጌጥ ልብስ ሳይሆን ገላን ከብርድ ስለሚያድን ልብስ። ከሚሴን የሚያውቅ ሰው «የቆላ ሰው ስለ ብርድ ምን አገባው?» ይለኝ ይሆናል። እኔ ግን ስለዚህ ጉዳይ ከማንም በፊት ሊያስብ የሚገባው የቆላ ሰው ነው እላለሁ። ደገኛው ከብርድ ጋር አብሮ አድጓል፤ ጠባዩንም ያውቃል። ቆለኛው ግን ብርድን የሚያገኘው መንገድ ላይ፣ ሳይዘጋጅ ነው።

ከሚሴ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ የቦርከና ወንዝና የጨፋ ረግረግ መስክ ጎረቤት የሆነች ከተማ ናት። ከዚህ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አጣዬን፣ ሰንበቴንና ሸዋ ሮቢትን በሙቀት ያልፍና ከደብረ ሲና በኋላ ሽቅብ ወጥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጣርማ በር ይደርሳል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፣ መንገደኛው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ 10 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይጎድልበታል። ነፋሱንና ጉሙን ሳንቆጥር ማለት ነው።

ይህን ዳገት የሚወጡት እነማን ናቸው? በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጦ ሌሊቱን የሚጓዝ ረዳት፣ የቀን ሥራ ፍለጋ የወጣ ጎረምሳ፣ ልጅ ያዘለች እናት። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ከቆላ ተነሥተው እዚያ የሚመደቡ ተማሪዎች አሉ፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን ነጭ አድርጎ የሚያድርበት አገር ነው የሚጠብቃቸው።

እንግዲህ ልብሳቸውን እንዴት ይመርጣሉ? በቀትር፣ ላብ በጀርባቸው እየወረደ፣ ከሳልባጅ ተራ ፊት ቆመው ነው። ወፍራሙን ለብሰው ይለኩና «ኧረ ይሄ ያፍናል!» ብለው ይመልሱታል። ቀለሙ ያማረውን፣ ለእጅ የለሰለሰውን፣ ለኪስ የቀለለውን ይዘው ይሄዳሉ። በቀትር የሞቀው ገላ፣ በእኩለ ሌሊት ለሚንቀጠቀጠው ገላ ፈራጅ ሆነ ማለት ነው! አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት እንዲህ ላለው ነው።

የእኔ አሳብ አጭር ነው፤ ልብስ የሚመረጠው በሚገዛበት አገር አየር ሳይሆን በሚለበስበት አገር አየር ነው።

ይህን ለመረዳት ልብስ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያሻል። ልብስ ሙቀት አይፈጥርም፤ ሙቀቱ የራሳችን ነው። የልብስ ሥራ ሙቀታችን እንዳይሸሽ አየርን አስሮ ማቆየት ነው። ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፤ ጋቢ ግን አራት ድርብ ነው፤ ጋቢ የሚበልጠውም በድርቦቹ መካከል ብዙ አየር ስለሚያስር ነው። ደረቅ ብርድ ባለበት ማታ ከጋቢ የሚሻል ወዳጅ የለም። ነገር ግን ጋቢ ጥጥ ነው፤ ጥጥ ደግሞ ውሃ ይወዳል። የክረምት ዝናብ ሲያገኘው የአየሩ ቦታ በውሃ ይሞላል፤ ውሃም ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይነጥቃል። የረጠበ ጋቢ የለበሰ ሰው ብርዱን በላዩ ላይ ተሸክሞ ይሄዳል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የበግ ጠጉር ጠባዩ ሌላ ነው። ክሩ የተጠማዘዘ በመሆኑ ረጥቦም እንኳ አየር ይይዛል፤ የክብደቱን 30 በመቶ የሚያህል እርጥበት ውጦ ገላን እንደ ረጠበ ጥጥ አያቀዘቅዝም። ከጣርማ በር ማዶ ያለው የመንዝ ሰው በገዛ በጉ ጠጉር ባናና በርኖስ ሠርቶ የሚለብሰው ስለዚህ ነው። ባና ይከብዳል፤ ይቆረቁራልም። ይሁን እንጂ ለዝናብና ለጉም አገር የታሰበ ልብስ ነው።

የዚህን ነገር እውነት ከሁሉ አጥብቆ የፈተነው በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ ሰው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቅ ሂዩ ብራድነር አንድ ነገር አስተዋለ፤ ጠላቂው ላይረጥብ ግድ የለም፤ በልብሱ ውስጥ የታሰረ ጋዝ ካለ ረጥቦም ይሞቃል። ኒዮፕሪን በሚባለው ስፖንጅ መሰል ጎማ ውስጥ እልፍ ጥቃቅን አረፋዎች አሉ፤ ሙቀቱን የሚጠብቁትም እነርሱ ናቸው። ልብሱ ከ3 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኖረዋል። ታዲያ ጠላቂ ልብሱን ሲመርጥ ውፍረቱን ብቻ አያይም። ከሰፋው ቀዝቃዛ ውሃ በአንገቱና በእጅጌው እየገባ ይወጣል፤ ከጠበበው ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ወደ 10 ሜትር ሲወርድ ግፊቱ እጥፍ ስለሚሆን አረፋዎቹ ይጨመቃሉ፤ በላይ ሳለ ያሞቀው ልብስ በታች ይሳሳበታል። ስለዚህ አስተዋይ ጠላቂ በሞቀው ሱቅ ውስጥ ቆሞ፣ ልቡ ግን ከባሕሩ ወለል ሆኖ ይመርጣል።

የከሚሴ መንገደኛም እንዲሁ ያድርግ እላለሁ። አቅጣጫው ተቃራኒ ነው እንጂ፣ ጠላቂው ወደ ታች፣ የእኛው ሰው ወደ ላይ፣ ፈተናው አንድ ነው። ከገላው የሚነካውን ስስና ለስላሳ ያድርግ፤ ከዚያ በላይ ቢቆረቁርም የጠጉር ሹራብ ይደርብ፤ ከሁሉ በላይ ነፋስና ዝናብ የማያሳልፍ ነገር ይልበስ። አንገቱና እጅጌው መግጠሙን ይይ፤ ብርድ እንደ ሌባ በክፍት በር ነው የሚገባው። ጋቢውን ደግሞ በላስቲክ ጠቅልሎ ለማደሪያው ይያዝ። ከሳልባጅ ተራም ቢሆን ጠጉር አይጠፋም፤ ቀለሙ ስለደበዘዘ ብቻ የሚያልፈው እንጂ።

የጽሑፍ ወዳጆች ስለሆናችሁ አንድ ቅሬታዬን ልጨምር። እንደ እኔ ንባብ፣ ብዕራችን ለጋቢ ያዳላል። ንጣቱ፣ ጥለቱ፣ የሽማግሌ ትከሻ ላይ ያለው ግርማ ሲወደስ ይኖራል። ባና ግን ከታየም የድህነት ምልክት ሆኖ ነው። ይህ ፍርድ በወረቀት ላይ ብቻ ቢቀር ባልከፋ ነበር። ነገር ግን ወጣቱ ደጋ ላይ «ባላገር» እንዳይባል ስስ ጃኬት ለብሶ የሚንቀጠቀጠው ከዚሁ ፍርድ የተነሣ ነው። ውበት ለዓይን ነው፤ ሙቀት ግን ለነፍስ ነው። ጠጉር የምትፈትለዋን እጅና ባና የሚሸምነውን እጅ የሚያከብር አንድ ጥሩ ግጥም ቢጻፍ፣ ከስንት ምክር በላይ ሰው ያሞቅ ይመስለኛል።

እስከዚያው ግን፣ ልጁን ወደ ደጋ የሚሸኝ ወላጅ ሁሉ ልብሱን በቀትር ፀሐይ አይመዝንለት። ዓይኑን ጨፍኖ የጣርማ በርን ሌሊት ያስብ፤ ከዚያ በኋላ ይግዛ።