«መቼ ነው ቁም ነገር የምትጽፈው?»

ባለፈው ሰሞን አንድ የመጽሐፍ ውይይት ላይ ታድሜ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል አልልም፤ ግን ለቅዳሜ ከሰዓት ክፉ አልነበረም። መድረኩ ላይ የተቀመጠው ሁለተኛ መጽሐፉን ያሳተመ ወጣት ነው። የሚጽፈው እኛ «ልብ አንጠልጣይ» የምንለውን ዓይነት ነው። ግድያ አለ፣ ክትትል አለ፣ ገዳዩ እስከ መጨረሻው ገጽ አይታወቅም።

አንዷ ታዳሚ «የመጻፍ ስሜት እንዴት ነው የሚመጣልህ?» ብላ ጠየቀችው። ልጁ ትንሽ አሰበና «ከቢሮ መልስ እራቴን በልቼ ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት እጽፋለሁ። ስሜቱ መጣም አልመጣም ወንበሩ ላይ ነኝ» አለ። አዳራሹ ቅር ሲለው ይታያል። ሰው የጠበቀው ዝናብ፣ ሻማ፣ የጠፋች ፍቅረኛ ነበር፤ የተነገረው የሥራ ሰዓት ሆነበት። ቀጥሎ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው አንድ አባት ከፊት ወንበር ተነሱና ማይክሮፎኑን ተቀበሉ። «ልጄ፣ እጅህ ጥሩ ነው። ግን መቼ ነው ቁም ነገር የምትጽፈው?»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ልጁም ሳቀ። ምን ያድርግ? እኔም ሳቅሁ። ዛሬ የምከፍለው የዚያችን ሳቅ ዕዳ ነው።

ያን ዕለት ማታ መጽሐፉን ጀመርኩት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨረስኩት። በማግስቱ ቢሮ ውስጥ እንቅልፍ እየጣለኝ አንድ ነገር ከነከነኝ። «ቁም ነገር» ከሚባሉት መጻሕፍት ስንቱን ነው መደርደሪያዬ ላይ ገጽ አርባ ሁለት ላይ ምልክት አድርጌ የተውኩት? እነዚያን መጻሕፍት «ጥልቅ ናቸው» እያልኩ እምልላቸዋለሁ፤ አልጨረስኳቸውም እንጂ። እንቅልፍ የነሳኝን ልጅ ግን ለመሳቂያ አሳልፌ ሰጠሁት።

ኧረ ለመሆኑ ልብ ማንጠልጠል እንዲህ የሚናቅ ሙያ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ቀላል የመሰለው ሰው ካለ እስቲ ይሞክረው። አንድን የማያውቀውን ሰው፣ ለዚያውም ቀኑን ሙሉ ሲለፋ ውሎ የደከመውን ሰው፣ ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ልቡን አንጠልጥሎ ያቆየው። ግጥም የሚጽፍ ሰው አንባቢው ባይገባው «አልገባህም» ብሎ ሊገላገል ይችላል። ልብ አንጠልጣይ ጸሐፊ ይህ መሸሸጊያ የለውም። አንባቢው ካዛጋ አለቀለት።

ፍሬድሪክ ፎርሳይዝን እንውሰድ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1970 መጀመሪያ ላይ ከቢያፍራ ጦርነት ዘገባ የተመለሰ፣ ኪሱ ባዶ፣ ጓደኛ ቤት የተጠጋ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ነበር። የጽሕፈት መኪናውን ከፍቶ «ዘ ደይ ኦፍ ዘ ጃካል»ን በ35 ቀን ጻፈ። ሐሳቡ ገንዘብ ማግኘት እንደነበር ራሱም አልደበቀም። ረቂቁን አራት አሳታሚዎች መለሱበት። ምክንያታቸውም ለጆሮ የሚጥም ነው፤ መጽሐፉ የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት ሻርል ደ ጎልን ለመግደል ስለተቀጠረ ነፍሰ ገዳይ ነው፣ ደ ጎል ደግሞ እንዳልተገደሉ ዓለም ሁሉ ያውቃል። መጨረሻው የታወቀ ታሪክ ማንን ያንጠለጥላል?

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1971 ታተመና ሚሊዮኖችን አንጠለጠለ። አንባቢው ደ ጎል እንደማይሞቱ እያወቀ ያልበዋል። እዚህ ላይ ነው «ልብ አንጠልጣይ እኮ መጨረሻውን ካወቅከው በኋላ የሚጣል ነው» የሚሉ ወዳጆቼ መልስ የሚያጡት። ልብ የሚያንጠለጥለው «ምን ሆነ» ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ መጽሐፍ ከሽፋኑ አያልፍም ነበር። የሚያንጠለጥለው «እንዴት» የሚለው ነው። ገዳዩ ፓስፖርቱን እንዴት አገኘ? ጠመንጃውን የት አሠራ? በየትኛው በር ገባ? ፎርሳይዝ ይህን ሁሉ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ መዝግቦ ያቀርበዋል። በሕፃንነቱ በሞተ ሰው የልደት ምስክር ወረቀት ፓስፖርት የማውጣቱ ዘዴ «የጃካል ማጭበርበር» እየተባለ በእንግሊዝ ባለሥልጣናት ዘንድ እስከ መጠራት ደርሷል።

ይህች «35 ቀን» የምትባል ወሬ ግን ብዙ ሰው አሳስታለች። ሰነፍ ሰው ሲሰማት «አየህ፣ ሲመጣ እንዲህ ነው የሚመጣው!» ይላል። ቀስ በሉ እንጂ! ሰውየው በ1960ዎቹ መጀመሪያ በፓሪስ የሮይተርስ ዘጋቢ ነበር። ደ ጎልን ለመግደል ሙከራ በሙከራ ላይ ሲደራረብ፣ እሱ የፕሬዚዳንቱን አጀብ እየተከተለ «ዛሬ ይገደሉ ይሆን?» እያለ ሲጠባበቅ የኖረ ሰው ነው። ሲጽፍ የፈጀበት 35 ቀን ነው፤ ሲያይ የፈጀበት ዓመታት ነው። እኛ የምንቆጥረው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ጆርጅ ሲምኖን የሚባለው ቤልጂጋዊም በቀን አንድ ምዕራፍ ይጽፍ ነበር። ልብ ወለድ ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ይመረመራል፤ የገጸ ባሕርያቱን ስም ከስልክ ማውጫ ይለቅምና ፖስታ ጀርባ ላይ ይመዘግባል። መሃል ላይ ሁለት ቀን ከታመመ የጀመረውን ይጥለዋል። በአማርኛ ተተርጉሞ እዚሁ አዲስ አበባ በየአዟሪው ክንድ ላይ የምናውቀው ሲድኒ ሼልደንም ለጸሐፊው በቃል እያስጻፈ በቀን እስከ ሃምሳ ገጽ ያወርድ ነበር። «ወይ ቀላል!» ከማለታችን በፊት ቀጥሎ የሚያደርገውን እንይ። ያንኑ ረቂቅ ከአሥር ጊዜ በላይ እየጻፈ ያፈርሰዋል፣ እያፈረሰ ይጽፈዋል። ሼልደን ታላቅ ደራሲ ነው እያልኩ አይደለም፤ አይመስለኝምም። ግን ከእኛ «ቁም ነገረኞች» ስንቱ ነው ረቂቁን ሁለተኛ ጊዜ እንኳ የሚያነበው?

የኛ ነገር የተበላሸው ደራሲ የሚለውን ሥዕል ስንሥል ነው። ደራሲ ማለት ፀጉሩ የተንጨባረረ፣ ሲጋራው ከጣቱ የማይጠፋ፣ መለኪያ ፊቱ አስቀምጦ ዛር እንደሚጠብቅ ባለ ውቃቢ «መጣ አልመጣም» የሚል ሰው ሆነብን። ለዚህ ሥዕል «ደራሲው» የተባለው የበዓሉ ግርማ ልብ ወለድ ሳይረዳን አልቀረም። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሲራክ በስብሐት ገብረ እግዚአብሔር አምሳል የተቀረጸ ነው ሲባል ኖሯል፤ ስንቱ ጀማሪም ሲራክን ለመሆን ሲል ጉበቱን ጨርሷል።

ቆይ ግን፣ ሲራክን የጻፈው ማነው? በዓሉ እኮ ጋዜጣና መጽሔት ሲያዘጋጅ የኖረ፣ ኋላም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ የሆነ፣ ጠዋት ቢሮ የሚገባ ሰው ነበር። በዚያ ሁሉ ሥራ መሃል ከ«ከአድማስ ባሻገር» እስከ «ኦሮማይ»፣ ከ1962 እስከ 1975 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ስድስት ልብ ወለድ አድርሷል። እኛ ሲራክን ይዘን በዓሉን ለቀቅነው። መለኪያውን ወረስን፣ የሥራ ሰዓቱን ተውን።

ስለ «ኦሮማይ» ከተነሳ አንድ ነገር ልናገርና የሚቆጣ ይቆጣ። «ኦሮማይ» ልብ አንጠልጣይ ነው! የታሪክ መጽሐፍ፣ የፖለቲካ መጽሐፍ፣ የፍቅር መጽሐፍ እንላታለን፤ ሁሉም እውነት ነው። ይህችን ቃል ግን ለመጥራት እንሽኮረመማለን። አስመራ ከተማ አለች፤ ሰላይ አለ፣ ፀረ ሰላይ አለ፤ ማን ከማን ጋር እንደሆነ አይታወቅም፤ ፊያሜታን የወደደ ሰው ራሱን ሳይቀር ይጠረጥራል። ይህ ልብ ካላንጠለጠለ ምን ያንጠልጥል? በዓሉ በ1974ቱ የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ተገኝቶ፣ የፕሮፓጋንዳውን ሥራ ከውስጥ ሆኖ አይቷል። የጻፈው ያየውን ነው። ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በ1975 ዓ.ም. አወጣው፤ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተለቀመ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በ1976 ዓ.ም. የካቲት ወር ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መጽሐፉ ግን በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ተነበበ። ሰው ያን ያህል አደጋ ላይ የጣለውን መጽሐፍ እንዲያ ተሻምቶ ያነበበው ለዘመቻው ትንታኔ ብቻ ይመስላችኋል? ማታ ጀምሮት ማስቀመጥ ስላልቻለ ጭምር ነው። የበዓሉ ቁም ነገር በልብ አንጠልጣዩ ጀርባ ላይ ተሳፍሮ ነው ከአንባቢው ቤት የደረሰው።

«ታዲያ ቆሻሻውስ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አዎ፣ ሞልቷል። ከፊልም የተገለበጠ፣ የአዲስ አበባው መርማሪ እንደ ኒውዮርክ ሰው የሚያወራበት፣ በየሁለት ገጹ ሽጉጥ የሚመዘዝበት መጽሐፍ ስንቱን አንብቤ አዝኛለሁ። ቢሆንስ? መጥፎ ግጥም በየሳምንቱ ይታተማል፤ «መቼ ነው ግጥም የምትተወው?» ተብሎ ማይክሮፎን የሚያዝበት ገጣሚ ግን አላየሁም። ደግሞም ይህን ሙያ ስንንቀው የምናተርፈው ያንኑ ቆሻሻ ነው። ማሞ ውድነህ የስለላ ታሪክ፣ ይልማ ሀብተየስ የወንጀል ምርመራ በአማርኛ ካስለመዱን ስንት ጊዜ ሆነው? እነሱን ተከትሎ የመጣው ልጅ አንባቢ አላጣም፤ ያጣው ሥራውን እንደ ሥራ ቆጥሮ «እዚህ ጋ ተሳስተሃል» የሚለው ሰው ነው። ማተሚያ ቤቱ ገንዘቡን አስቀድሞ ይቀበለዋል፣ አከፋፋዩ ድርሻውን ይቆርጣል፣ መጽሐፉን አንዱ ገዝቶ ለአሥር ሰው ያከራየዋል። እኛ ሊቃውንቱ ደግሞ ሳናነበው እንስቅበታለን።

እኔም እንግዲህ ካነበብኩ በኋላ አንዲት ስህተት አግኝቼበታለሁ። ምዕራፍ ሰባት ላይ ገዳዩ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ሰው ገድሎ፣ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መኪና ይዞ በሰባት ደቂቃ ቦሌ ይደርሳል። በሰባት ደቂቃ! ለዚያውም ሰው ሁሉ ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት! እዚያች ላይ ስደርስ ተንጠልጥሎ የነበረው ልቤ ወርዶ ቦታው ተቀመጠ።

ይህች ስህተት ትንሽ ናት? ጆን ለ ካሬ ትንሽ አልመሰለችውም። በመጀመሪያ መጽሐፉ ጊዜ ወደ ሥራ በሚወስደው ባቡር ውስጥ ደብተር ላይ ይጽፍ የነበረ፣ ኋላም ገናና የሆነ የስለላ ደራሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው «ቲንከር ቴይለር ሶልጀር ስፓይ» ውስጥ ሆንግ ኮንግ ላይ ሰው በጀልባ አሻገረ። በኋላ እዚያው ሆንግ ኮንግ ሲሄድ ለካ ከባሕሩ ሥር መኪና የሚያልፍበት ዋሻ ተሠርቷል! ሰውየው በአሮጌ መረጃ ነው የጻፈው። በአፈረው ልክ ለራሱ ቃል ገባ፤ ዓይኑ ያላየውን ቦታ ዳግመኛ ላይጽፍ። ከዚያ በኋላ ስለሚጽፈው አገር ሁሉ ደብተሩን ይዞ ሄዷል፤ እስከ ምሥራቅ ኮንጎ ድረስ።

በርግጥ ጀምስ ሃድሊ ቼዝ አሜሪካን በቅጡ ሳያያት፣ ካርታና የአራዳ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ይዞ ስለ አሜሪካ ወሮበሎች ዕድሜ ልኩን ጽፏል፤ እኛም እየተሻማን አንብበነዋል። ይህን የማነሳው ራሴ ላይ የሚመጣውን ጥያቄ ላለመሸሽ ነው። ልዩነቱ፣ ቼዝ የአሜሪካን መንገድ ሲስት እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ አላውቅበትም። ሜክሲኮንና ቦሌን ግን በየቀኑ እመላለስበታለሁ። የራስ ሰፈር ልብ አንጠልጣይ ሲጻፍ ምስክሩ አንባቢው ነው።

የልጁን ስልክ ከመጽሐፉ ጀርባ አገኘሁና ደወልኩ። መጀመሪያ ስለ ሳቄ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ «ኧረ ጋሼ፣ ለምደነዋል» አለኝ፤ ከስድብ የባሰ መልስ ነው። ቀጥዬ ስለ ሰባቱ ደቂቃ ነገርኩት። ዝም አለ። ቆየና «በስንት ደቂቃ ይደረሳል ይላሉ?» አለኝ። እኔ ምኑን ሰዓት ይዤ አውቃለሁ፤ «እንጃ» አልኩት።

በሳምንቱ ራሱ ደወለልኝ። በተከታታይ ሦስት ቀን አሥራ አንድ ተኩል ላይ ከሜክሲኮ ታክሲ ተሳፍሮ ሰዓቱን መዝግቧል። በጣም የቀናው ቀን አርባ አንድ ደቂቃ፣ በጣም የከፋው ቀን አንድ ሰዓት ከሩብ። ለሁለተኛው እትም ምዕራፍ ሰባትን እንዳለ ቀዶታል። ስምንትና ዘጠኝም አብረው ፈርሰዋል፤ ምክንያቱም ገዳዩ በዚያ ሰዓት ቦሌ ካልደረሰ ሴትየዋ ስልኩን አታነሳም።

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት።

«መኪናውን አስተውኩት» አለ። «ሸሚዙ ላይ ደም አለ፤ ኮቱን ቆልፎ በእግሩ ወደ ስታዲየም እየሄደ ነው። ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፍ መሃል ገብቷል። አንዲት እናት ደግሞ ኮቱን ትክ ብለው እያዩት ነው።»

«ከዚያስ?»

«እሱን ዛሬ ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው የማውቀው» አለና ዘጋው።