በራሪ ሳሕንና የመዝገብ ቤት ሥራ

አሰላ ከርማችሁ እንደ ሆነ የምነግራችሁን በዐይናችሁ አይታችኋል። ፀሐይ በዝዋይ ሐይቅ በኩል ስትጠልቅ በከተማው ላይ ጥላ ይወድቃል፤ ወደ ምሥራቅ ቀና ስትሉ ግን የጭላሎ ራስ ለጥቂት ደቂቃ ገና ቀይ ነው። ተራራው ከባሕር ወለል ወደ 4,000 ሜትር ከፍ ስለሚል፥ ለእናንተ የጠለቀችው ፀሐይ ለእርሱ አልጠለቀችም። ይህችን ያዙልኝ።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1947 ኬኔት አርኖልድ የተባለ አሜሪካዊ አይሮፕላን ነጂ በሬኒየር ተራራ አጠገብ ዘጠኝ የሚያብረቀርቁ ነገሮች ሲበሩ አየሁ አለ። ስለ አካሄዳቸው ሲጠየቅ በውሃ ላይ እንደሚወረወር ሳሕን ይነጥሩ ነበር ቢል፥ ጋዜጠኞች ቅርጹንም ሳሕን አደረጉት፤ ስሙ በዚያው ቀረ። የጦሩን ሹማምንት በጊዜው ከሁሉ ይልቅ ያሳሰባቸው የሰማይ እንግዳ ሳይሆን የሶቭየት ኅብረት አዲስ አይሮፕላን ነበረ።

ምርመራው ከ1952 እስከ 1969 «ብሉ ቡክ» በሚል ስም በኦሃዮ፥ በራይት ፓተርሰን የጦር ሰፈር ተካሄደ። ሥራው እንደ ሲኒማው አልነበረም፤ የወረቀት ሥራ ነበረ እንጂ። ለምስክሩ ፎርም ይላክለታል፤ በስንት ሰዓት አየህ? ስንት ደቂቃ ቆየ? ከየት ወጥቶ በየት ጠፋ? ድምፅ ነበረው ወይ? መልሱ ሲመጣ ከአይሮፕላን በረራ፥ ከአየር ጠባይ ባሉንና ከፕላኔቶች አቀማመጥ ጋር ይመሳከራል። መዝገብ ቤት የምትሠሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ድካሙን ታውቁታላችሁ! ከአርኖልድ ዘመን ጀምሮ ከተመዘገበው 12,618 ጥቆማ 701 ያህሉ ምንነቱ ሳይታወቅ ቀረ። ከታወቁት መካከል ቬነስ፥ ማለት የእኛይቱ አጥቢያ ኮከብ፥ ደጋግማ ትገኛለች።

በመጋቢት 1966 በሚቺጋን ብዙ ሰው ብርሃን አየሁ ሲል፥ የአየር ኃይሉ አማካሪ የነበሩት የከዋክብት ሊቅ አለን ሃይኔክ «የረግረግ ጋዝ ሊሆን ይችላል» የሚል መልስ ሰጡ። አገር ሳቀ፤ ተቈጣም። የሚቺጋኑ እንደራሴ ጄራልድ ፎርድ ምክር ቤቱ ነገሩን ይመርምር አሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ሕዝቡ የተቈጣው በጋዙ ሳይሆን፥ በቅጡ ሳይሰሙት በችኮላ ስለ መለሱለት ነው። ኋላ በኤድዋርድ ኮንደን የሚመራው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነገሩን መመርመሩ ለሳይንስ እምብዛም አይረባም ስላለ፥ መዝገቡ ተዘጋ።

ነገር ግን መርማሪው እያወቀ የማይናገርበትም ጊዜ ነበረ። ዩ-2 የተባለው የስለላ አይሮፕላን ከ1955 ጀምሮ ከ60,000 ጫማ በላይ ይበር ነበር። አሁን ጭላሎን አስታውሱ። ምድሩ ሲጨልም ክንፉን ገና ፀሐይ ታገኘዋለችና ከታች ላለው ሰው እሳት ይመስላል። ሲ.አይ.ኤ. በ1997 ባወጣው ጽሑፍ እንዳመነው፥ ብሉ ቡክ ጥቆማውን ከምስጢራዊው በረራ ጋር አመሳክሮ ቢደርስበትም፥ ለምስክሩ እውነቱን መንገር አልተፈቀደለትም። ምስክሩ ውሸታም ሳይሆን እንደ ውሸታም መቈጠሩ ያሳዝነኛል።

ዛሬ ከምሽት በኋላ እንደ መቍጠሪያ ተሰልፈው የሚያልፉት ስታርሊንክ የተባሉት ሳተላይቶችም የሚበሩት በዚሁ ሕግ ነው። በእኛም አገር በጥር 2017 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ እየነደደ ያለፈ ነገር ታይቶ፥ የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የጠፈር ስብርባሪ ወይም ተወርዋሪ አለት ሊሆን እንደሚችል አስታውቆ ነበር።

እንግዲህ አንድ ገበሬ ከጭላሎ ሥር መጥቶ «ሌሊት ብርሃን አየሁ» ቢላችሁ አትሳቁበት፤ ጨምራችሁም አታውሩለት። የቆመበትን ቦታና ሰዓቱን ጻፉ። ክንዱን ዘርግቶ ጡጫውን ከአድማስ ጀምሮ ይደርድር፤ እያንዳንዱ ጡጫ ወደ 10 ዲግሪ ነው። ከዚያ በዚያው ሰዓት በቆጂ ላይ ያየ ሰው ፈልጉና ለብቻው ጠይቁት። ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ፥ በአንድ ከፍታ አይተውት እንደ ሆነ፥ ያ ብርሃን ከጭላሎ እጅግ የራቀ ነው።