የአጋሰሱ ስም

ከገጠር የመጣ ተማሪ በአነጋገሩ ሲሳቅበት ስሰማ አዝናለሁ። ለሚስቁት ሁሉ የላቲን ቋንቋ ታሪክ መልስ አለው።

የሮማ ሊቃውንት ፈረስን «ኤኩውስ» ብለው ሲጽፉ፥ ተራው ሕዝብ አጋሰሱን «ካባሉስ» ይለው ነበር፤ ተሳቢ ሲሆንም፥ እኛ «ፈረስን» እንደምንል፥ «ካባሉም» ይባላል። ዛሬ ፈረስ በኢጣልያንኛ ካቫሎ፥ በስፓኝኛ ካባዮ፥ በፈረንሳይኛ ሸቫል፥ በሩማንያ ቋንቋ ካል ነው፤ ሁሉም የካባሉስ ልጆች ናቸው። ከኤኩውስ ወገን በሕዝብ አፍ የቀረው እንደ ስፓኝኛው «ዬጉዋ» ያለው የባዝራ ስም ነው። ፈረንሳዮች የከበረውን ፈረሰኛ «ሸቫልዬ» የሚሉትም ከዚያው ከአጋሰሱ ስም አውጥተው ነው።

እንግዲህ የተናቀው ቃል ለመኳንንት ማዕርግ ከበቃ፥ በወላጆቻችን የገጠር አነጋገር ከማፈር ይልቅ ቃሉን በደብተራችን ብንጽፈው ይሻላል እላለሁ።